የግድግዳ እግር ለዓይን ይታይ

ልጆቹ ናቸው ነገሩን የቀሰቀሱት። በቀደም እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀቱ ከረር ባለበት ቀን መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ተሰቅሎ ዝም፣ ከላይ ቆርቆሮው ይለበልባል፣ ሁላችን በላብ ተነክረን ደጅ ደጁን እናያለን። የልጄ ልጅ ሰላም «እምዬ፣ ድሮ የጭድ ቤት ይሠሩ ነበር የሚባለው እውነት ነው? ቀዝቃዛ ነበር አሉ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀና «ጭድማ የከብት መኖ ነው! በሬው ሲርበው ግድግዳውን ሊበላው ነዋ!» አለ።

እኔም ሳቅሁ። በሬስ አልበላውም ልጄ፤ የበላው ሌላ ነው። «እንግዲያው ይንገሩን» አሉኝ፤ ይኸው እነግራለሁ።

የተማሪ ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። እኔ እናገራለሁ፣ ሰላም በስልኳ ትጽፋለች። ወሬዬ ወዲያና ወዲህ ሲል «እምዬ፣ ወደ ቤቱ ይመለሱ» ትለኛለች፤ እመለሳለሁ።

ሥራዬ ጭቃ ነበር። ጭቃ አቡክቼ፣ ረግጬ፣ መርጌ፣ ለስኜ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ሽንፋ መዳፌ ያላረፈበት ሰፈር ጥቂት ነው። ሂሳቡ በቁርጥ ነበር፤ አንዳንዱ በእህል ይከፍላል፣ አንዳንዱ በምርቃት። ኋላ ብሎኬት መጣ፤ ጉልበቴም እምቢ አለ። ሁለቱ ተማክረው አሳረፉኝ። አሁንም ግን ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ነው፤ ባለቤቶቹ የተቀየምሁ ይመስላቸዋል።

የተወለድሁት ደጋ ነው፣ ከጭልጋ በላይ። ባለቤቴ በአብርሃ ጅራ በኩል ከአንድ ትልቅ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ነጂ ሆኖ ተቀጠረና ተከትዬው ወረድሁ። እናቴ ቆላ ወረደች ብላ እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችልኝ። ደርሼ ሳየው እውነትም ለቅሶ የሚያስፈልገው አገር መሰለኝ። ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ የመጣው የቀን ሠራተኛ ላስቲክ ወጥሮ ከሥሩ ይተኛል። ሻል ያለው ራኩባ አለው፤ ራኩባ ማለት አራት እንጨት ቆሞ ከላይ አገዳ የተጣለበት ጥላ ነው፣ ግድግዳ የለውም። ቀን ፀሐዩ፣ ሲመሽ ትንኙ። ንዳድ ያልያዘው ሰው አልነበረም።

ባለ እርሻው የጎንደር ሰው ነበር። ሲቆጣ ኮፍያውን መሬት ይጥላል፤ ንዴቱ ሲበርድ እሱኑ ኮፍያ አንስቶ አቧራውን ያራግፋል። እኛም ኮፍያው እስኪነሳ ዝም ብለን እንጠብቃለን። የሰሊጥ መጋዘን ሲያሠራ እኔን ለጭቃው ቀጠረኝ፤ ለእንጨቱ አያ ቢረሳውን።

አያ ቢረሳው ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ዘመም ያለ ሰው ነበሩ። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ነው የሚሄዱ። የመጀመሪያ ዕለት ጭቃ ስረግጥ ቆመው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ጭቃ እየረገጥሽ ነው ወይስ ሠርግ ቤት ነሽ?»

«ምነው አያ?»

«ከላይ ከላይ ትዘያለሻ! ጭቃ በተረከዝ ነው። ተረከዝሽ ሥሩን ካልነካ ጭዱና አፈሩ አይታረቁም።»

ተናደድሁ። በተረከዜ ረገጥሁት፣ ለሳቸው ስል ሳይሆን ለእልህ። ጭቃው ግን ሌላ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ባገኙ ቁጥር «ዘነቡን ጥሯት» ማለት ጀመሩ፤ እኔም ሥራ ባገኘሁ ቁጥር «አያ ካሉበት» ማለት ለመድሁ።

ያስተማሩኝ በአፋቸው አይደለም፣ ነገር አያበዙም። በልማዳቸው ነው። ቤት ሊሠሩ ካሰቡበት ቦታ አስቀድመው የለስላሳ እንጨት ጉማጅ ያጋድማሉ። ከቀናት በኋላ ይገለብጡታል፤ ሥሩ ምስጥ ከወረረው ቦታው ይቀየራል። ለቋሚ የሚመርጡት ዞቢ ነው፣ ልቡ ጥቁር የሆነ፣ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት። እሱንም መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ይለበልቡና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያጠጡታል። ለልስን ደግሞ ዋልካ አታምጪብኝ ይላሉ፤ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈር የሚያስመጡኝ ከኩይሳ ነው፣ ራሱ ምስጥ ከቆለለው። «ጠላትሽ ቤቱን የሠራበትን አፈር ተመልከቺ፤ ዝናብ አይፈታውም» ይሉኛል።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ጠዋት ጠዋት ያሠሩትን ቤት ይዞራሉ። ጎንበስ ብለው፣ እጃቸው ወደኋላ እንደተጣመረ፣ የግድግዳውን እግር እያዩ። ዞረው ሳይጨርሱ ለሰው ሰላምታ የለም። አንዷ ባለቤት «አያ ቢረሳው ግድግዳዬን እንደምን አደርህ ብለው እኔን ያልፉኛል» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ግድግዳ አጠገብ ማገዶ አያስከምሩም፣ ድስት እንኳ አያስደግፉም። «የግድግዳ እግር ለዓይን ይታይ» ነው ቃላቸው። ምስጥ ብርሃን ይፈራል፤ ሲወጣ በአፈር የተሸፈነች ቀጭን መንገድ እየሠራ ነው። እግሩ ከታየ መንገዷ ትታያለች፤ ከታየች በጥፍር ትፋቃለች። በቃ።

ሰላም «እምዬ፣ ጭዱስ?» አለችኝ። እሺ፣ ጭዱ።

አንድ ዓመት ባለ እርሻው ገለባ የሚያስር ማሽን አመጣ። ማሽኑ የማሽላውን ገለባ ከመሬት እየለቀመ፣ ጨምቆ፣ እንደ ሳጥን አድርጎ በሲባጎ አስሮ ከኋላው ይጥለዋል። አሳቡ ለመኖ ወደ ሱዳን ሊሸጠው ነበር፤ ገበያው ሳይሆንለት ቀረና እስሩ እንደ ተራራ ተከመረ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አያ ቢረሳው ጠፉብን። ብንፈልግ ብንፈልግ ከክምሩ መሐል ከአንዲት ክፍተት ገብተው ተኝተዋል። እኛ በላብ ተጠምቀን፣ እሳቸው ደርቀው ወጡ። እስሩን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «እዚህ ውስጥ ፀሐይ አልደረሰችም» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ግን ያን ሰሞን ሁሉ ክምሩን ሲዞሩት ከረሙ።

ኋላ ባለ እርሻውን አነጋገሩት። «ለሠራተኛው ማደሪያ ከዚህ ይሠራ። እንጨቱ ጣሪያውን ይሸከማል፤ ጭዱ ይሸፍናል እንጂ አይሸከምም። ክዳኑ ሣር ይሁን።»

«ጭድ?» አለ ባለ እርሻው። «ሰው በጭድ ላስጠልል?»

«ላስቲክ ካስጠለለው ጭድ ይሻላል።»

ኮፍያው መሬት ወደቀ። ጠበቅን። ተነሳ። «አንድ ቤት ሥሩ» አለ። «አንድ ክረምት ይለፍና ልየው። ካለፈ የሠራተኛውን ማደሪያ በሙሉ በዚሁ አሠራለሁ። ከፈረሰ ግን ሁለተኛ ጭድ የሚል ሰው ፊቴ እንዳይቆም!»

የመጀመሪያዋ ቤት ለጥሩወርቅ ሆነች። ጥሩወርቅ የሠራተኛውን ቀለብ የምታበስል ሴት ናት፤ ለአጨዳ መጥታ የቀረች፣ አስካለ የምትባል ትንሽ ልጅ ያለቻት፣ ከራኩባ ሥር የምትኖር። አባቷ አባ ጌጡ በደጋ ስመ ጥር ሽማግሌ ናቸው። «ቆላ የወረደች ሴት ቤት የላትም» ብለው ፊታቸውን አዙረውባታል። እሷ ደግሞ ቤት ሠርታ አባቷን ከደጇ ማየት ነው ምኞቷ፤ ሌላ ነገር ስታወራ አልሰማኋትም። ያቺ ቤት እንግዲህ የእሷም ነበረች፣ ከላስቲክ ሥር የሚተኛው የሁሉም ነበረች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ እግር። ከዚያ ቋሚው፣ ወራጁ፣ ጣሪያው፣ የሣር ክዳኑ። ግድግዳ ሳይኖር ቤቱ ይከደናል፤ ጭዱ አንዲት ጠብታ እንዳታገኘው። ጭዱን አንድ በአንድ አያ ያሸቱታል፤ እኔ ክንዴን እሰድበትና ከመሐሉ ጨብጬ አወጣለሁ። ሲጠመዘዝ ከተንኮሻኮሸ ይገባል፤ ዝም ብሎ ከታጠፈ ወደ ከብቶቹ። እንደ ጡብ እያፈራረቅን ደረደርነው፣ ከላይ ወደታች የሾለ ሽመል መታንበት። ከዚያ መስፋት ነው። አያ ከሽመል ክንድ የሚያህል መርፌ ቀርጸው እሳቸው ከውጭ ሆነው ሲባጎውን ይሰዳሉ፣ እኔ ከውስጥ ተቀብዬ እመልሳለሁ።

«ያዝሽ?»

«ያዝሁ አያ!»

«ሳቢ!»

ግድግዳው ከፍ እያለ ሲሄድ ድምፃቸው እየራቀኝ መጣ። መጨረሻ ላይ አልሰማቸውም፤ የመርፌዋ ጫፍ ብቅ ስትል ብቻ ነው መኖራቸውን የማውቀው።

የመጀመሪያው ጭቃ እንደ አጥሚት የቀጠነ ነው፤ በጣት ወደ ጭዱ ሆድ ይገፋል። ሁለተኛው ጭድ ተከትክቶ የገባበት፣ በመዳፍ የሚመታ። የመጨረሻው እበትና የወንዝ አሸዋ ያለበት፣ በረጠበ እጅ የሚዳበስ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይቀልዳል። «ጥሩወርቅ፣ ጎረቤትሽ እሳት ቢጠይቅሽ የለኝም በይ!» ይሏታል። «ኧረ በሬያችሁን ሰብስቡልኝ!» ትላቸዋለች።

ልስኑ ሊያልቅ ሲል ጥሩወርቅ መጣች። «አያ፣ መደቡስ?» አለች። «ከደጅ፣ ግድግዳውን ተለጥፎ አንድ መደብ ይሠራልኝ። አባቴ ሲመጡ የሚቀመጡበት።»

«ወንበር እሠራላቸዋለሁ።»

«አባት ወንበር ላይ? እንደ መንገደኛ? አያ፣ አንቱም የደጋ ሰው ነዎት! መደብ የሌለው ደጅ ደጅ ነው?»

እውነቷን ነው። በአገራችን አባት የልጁን ቤት የሚመርቅ ከደጁ መደብ ላይ ተቀምጦ ነው። ወንበር ዛሬ አለ፣ ነገ ይነሳል፤ መደብ ግን ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ተቀመጥ፣ አገርህ ነው ማለት ነው።

አያ ቢረሳው ቁጭ ብለው በጣታቸው አፈር ላይ ሥለው አሳዩአት። «በደጋ መደብ ላይ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በቆላ ምስጥ ይሄድበታል። የድንጋዩን እግር መደብ ከሸፈነው ምስጡ በመደቡ ሆድ ተሸሽጎ ሽቅብ ጭዱ ላይ ይወጣል፤ ማንም አያየውም። የግድግዳ እግር ለዓይን ይታይ፣ ልጄ።»

ሥዕሉን አየችና ወደ ድስቷ ተመለሰች። ያለቀ ነገር መስሎኝ ነበር።

ቤቷ ያማረች ሆነች። እኩለ ቀን ላይ ስትገባባት ማለዳ ወደ ወንዝ የወረድህ ይመስልሃል። አስካለ በሩ ላይ ቆማ «የኛ ቤት ብርድ አለው!» እያለች በቆላ አገር ትኩራራ ነበር። ባለ እርሻው እንኳ ገብቶ ተቀምጦ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አኖረ፤ እንዲያ ሲያደርግ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከጥምቀት በኋላ እህቴ ወልዳ ሽንፋ ሄድሁ፤ እዚያው የእህል ጎተራ ልስን አገኘሁና እስከ ሰኔ ቆየሁ። ስመለስ ጥቁር ደመና ከሱዳን በኩል ተነስቶ ነበር። የመጀመሪያው ወጨፎ ደርሶ አባራ። እኔ ጓዜን ሳልፈታ «የጥሩወርቅ ቤት ወደቀ» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ጣሪያው ቆሟል። ዞቢው እንዳለ ነው። የደጁ ግድግዳ ግን የለም፤ ልስኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰባብሮ ጭቃው ላይ ተዘርግቷል፣ ከኋላው ጭድ መሆን የነበረበት ዱቄት ነው። ቤቱ መልሶ ራኩባ መሰለ። ጥሩወርቅ ልጇን አቅፋ ከመሐሉ ቆማለች፤ አታለቅስም። አጠገቧ ጋቢያቸው የበሰበሰ ረጅም ሽማግሌ አየሁ። አባ ጌጡ ናቸው፤ ለካስ ታርቀው መጥተው ኖሯል።

ፍርስራሹ ሥር ደግሞ፣ የድንጋዩን እግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖ፣ መደብ።

ሰው ተሰብስቧል፣ ባለ እርሻው መጥቷል። አባ ጌጡ «የዚህ ቤት ሠሪ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» አሉ አያ ቢረሳው።

«ልጄ ምን በደለችህ?»

እኔ አላስችል አለኝ። «ኧረ ይኸ እኮ መደቡ…» ብዬ ጀመርሁ። አያ ዘወር ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼባቸው አላውቅም።

«ጭዱ እርጥብ ነበር» አሉ ጮክ ብለው፣ ሁሉ እንዲሰማ። «እርጥብ ጭድ አስገባሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ባለ እርሻው ኮፍያውን ጣለ። ጠበቅን። ሳያነሳው ሄደ።

ሰው ሲበተን አያን ተከተልኋቸው። «ጭዱ ደረቅ ነበር አያ። ክንዴን ሰድጄ አይቼዋለሁ፤ አንቱም አሽትተውታል።»

«እርጥብ ነበር አልሁሽ።»

«መደቡንስ ማን ሠራው?»

እጃቸውን ከኋላቸው ፈትተው አዩት። «እኔ።»

«አንቱ? የግድግዳ እግር ለዓይን ይታይ የሚሉት?»

«ሰው ያረጃል፣ ዘነቡ» አሉና ሄዱ።

በዚያ ቀረ። ሠራተኛው ከላስቲኩ ሥር ኖረ። ጭድ የሚል ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ቆርቆሮ ላይ ተረባረበ። ጥሩወርቅና አስካለ ያን ክረምት እኔ ዘንድ ከርመው ኋላ ገንዳ ውሃ አንዲት ክፍል ተከራዩ። አባ ጌጡ ልጃቸውን መርቀው፣ አናጢውን ረግመው ደጋ ተመለሱ። አያ ቢረሳውን ከዚያ በኋላ ለቤት የጠራቸው የለም፤ በርጩማና የዶማ እጀታ እየጠረቡ ሽንፋ ከልጃቸው ጋር ኖረው አረፉ። ቀብራቸው ላይ አልቅሻለሁ። በሆዴ ግን ታዝቤአቸው ነበር። ራሳቸው ያስተማሩኝን ሽረው፣ ስህተታቸውን ላለመናገር ያን ደረቅ ጭድ ወነጀሉት ብዬ። ሥራችንን በገዛ አፋቸው ገደሉት ብዬ። እኔ መደብ ለጥፊልኝ የሚል ባጋጠመኝ ቁጥር እምቢ እል ነበር፤ እንዲያውም ከሳቸው እበልጣለሁ እያልሁ።

በቀደም፣ ያው መብራት በጠፋበት ሰሞን፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት ከባጃጅ ወርዳ ደጄ ቆመች። «እቴቴ ዘነቡ፣ አላወቁኝም? አስካለ ነኝ፣ የጥሩወርቅ።» እናቷም አያቷም ካረፉ ቆይቷል። ቤት ልትሠራ አስባ የልስኑን ነገር ልትጠይቀኝ ነው የመጣች። የኩይሳውን አፈር፣ የአሸዋውን ልክ ነገርኋት። በመጨረሻም «መደብ ከግድግዳ እንዳታስለጥፊ፤ እናትሽን ያፈናቀላት እሱ ነው። አያ ቢረሳው አርጅተው ሠሩባት እንጂ» አልኋት።

አስካለ ወደኔ ጠጋ አለች።

«አያ ቢረሳው አይደሉም» አለች። «እማዬ ናት የሠራችው፣ በገዛ እጇ። አያቴ እመጣለሁ ብለው የላኩ ጊዜ፣ ለማንም ሳትነግር። አያቴ መጥተው ተቀመጡበት፤ ቆላ አገር አገር ሆነልኝ ብለው መረቁን። አያ ቢረሳው ሰምተው ዶማ ይዘው መጡ፣ ሊያፈርሱት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ስትለምናቸው አስታውሳለሁ። አያቴ ምንም አያውቁም፣ ቤቱን የሠሩት እሳቸው መሆናቸውን እንኳ፤ ‹ይምጡ፣ ይቀመጡ ወንድሜ፤ ልጄ አባቷን ያስቀመጠችበት ነው› አሏቸው። አያ ቢረሳው ዶማውን መሬት አጋድመው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሲሄዱ እማዬን ቀስ ብለው ‹አባትሽ አገራቸው ሲገቡ አፈርሰዋለሁ፤ እስከዚያ እኔ አለሁ› አሏት። ዝናቡ ቀደማቸው እንጂ፣ እቴቴ፣ አንድ ጠዋት ቀርተው አያውቁም። ከአያቴ ጎን ከመደቡ ጫፍ ይቀመጡና ስለ ደጋው ያጫውቷቸዋል። እጃቸው እንደሁልጊዜው ወደኋላ ነው። እኔ ልጅ ነበርሁ፣ ከኋላቸው እጫወት ነበርና አየዋለሁ፤ እያሳቋቸው፣ በጥፍራቸው ከግድግዳው የምስጡን መንገድ ይፍቁ ነበር።»